ከሙሽሮቹ ኋላ የቆሙትን የምታነሳው ዘሃራ

የዘሃራን ሞት የሰማሁት አዋሽ ሰባት ኪሎ ሰርግ ቤት ሆኜ ነው። ሚዜዎቹ የሙሽራውን ክራቫት እያስተካከሉ ይሳሳቃሉ፤ እኔ ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በመካከላቸው እመላለሳለሁ። ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ መንዘሩን አላቋርጥ አለ። ሥራ ላይ ሆኜ ስልክ የማንሳት ልማድ ስለሌለኝ ለጊዜው ቸል አልኩት። አላቆም ሲል ግን አንድ ነገር ቢኖር ነው ብዬ ወደ ግቢው በር ወጣ አልኩና አነሳሁት። ሎጊያ የምትኖረው የዘሃራ የአክስት ልጅ ከድጃ ነበረች።

«ተሾመ፣ ዘሃራ አለፈች» አለችኝ።

«የት አለፈች? አዋሽን?» አልኳት። ዘሃራ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ ሰርግ ላይ እኔ የወንዶቹን ወገን፣ እሷ የሴቶቹን ወገን ነው የምናነሳው። ለዚሁ ሰርግ በጠዋት ከሰመራ ተነስታ ወደኔ እየመጣች ስለነበር፣ ከተማዋን ሳታውቅ ያለፈች መስሎኝ ነው።

ከድጃ ማልቀስ ጀመረች። ያኔ ገባኝ።

የተሳፈረችበት ሚኒባስ አዳይቱ ሊደርስ ሲል ጎማው ፈንድቶ ተገልብጧል። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ቆስለው ሲተርፉ የዘሃራ ሕይወት እዚያው አለፈ። አስከሬኗን ወደ ሎጊያ እየመለሱት ነበር። «ዛሬውኑ ከሰዓት፣ ከአሱር ሰላት በፊት እንቀብራታለን፤ ትደርሳለህ?» አለችኝ ከድጃ። ከአዋሽ ሎጊያ ድረስ ያለውን መንገድ ሁለታችንም እናውቀዋለን። እንደማልደርስ እያወቀች ነው የጠየቀችኝ፤ እኔም እንደማልደርስ እያወቅሁ «እሞክራለሁ» አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል የሙሽራዋ እናት እማማ ረውዳ ከሴቶቹ ግቢ ወጥተው ወደኔ ይመጣሉ።

«ልጄ፣ ዘሃራ የት ደረሰች? ሐያት ለብሳ ጨርሳ እሷን ነው የምትጠብቀው» አሉኝ። ሐያት ሙሽራዋ ናት። የእህቷን ሰርግ ዘሃራ ስላነሳችው፣ የሷንም ከዘሃራ በቀር ማንም እንዲያነሳላት አልፈለገችም ነበር።

አንድ ሰበብ ልፈልግ አሰብኩ። አፌ ግን እሺ አላለኝም። እማማ ረውዳ ፊቴን አይተው «ምን ሆንክ?» ሲሉኝ ነገርኳቸው። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉና የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። ዓይናቸውን ጠራረጉና «ለሐያት አትንገርብኝ። ለዛሬ ብቻ» አሉኝ።

አልነገርኩም። የተጣለብኝን ሥራ ሠራሁ። ኒካሁ ሲታሰር አነሳሁ፤ ሽማግሌዎቹን፣ ሚዜዎቹን አነሳሁ። ከግድግዳው ወዲያ ማዶ የሴቶቹ እልልታ ይሰማ ነበር። የዚያ ሰርግ የሴቶች ወገን በስልክ ከተነሳው በስተቀር እስከ ዛሬ ፎቶ የለውም።

ሰመራ ውስጥ ከመናኸሪያው ብዙም ያልራቀ ፎቶ ቤት አለኝ። ከናዝሬት መጥቼ ስከፍተው ግድግዳው ላይ ትልቅ ሸራ ሰቀልኩ፤ ሸራው ላይ ፏፏቴ፣ አረንጓዴ ሣርና ነጭ ወፎች አሉበት። ውጭ ፀሐይዋ አስፋልት ስታቀልጥ የሰመራ ሙሽሮች እየመጡ በዚያ ፏፏቴ ፊት ይነሱ ነበር። እጅ ለእጅ አያያዛቸዋለሁ፤ አገጫቸውን ቀና አደርጋለሁ፤ ፈገግ በሉ እላለሁ። ሥራው ይኸው ነው ብዬ አምን ነበር።

ዘሃራ መጀመሪያ የመጣች ቀን ቀትር ላይ ነበር፤ ሰው ሁሉ ተኝቷል። ጥቁር አባያ የለበሰች፣ ቀጠን ያለች፣ ፊቷ በላብ የራሰ ሴት በሩ ላይ ቆማ ሰላምታ ሰጠችኝና «የሰርግ ፎቶ ታሳየኛለህ?» አለችኝ።

«ልታገቢ ነው?»

«አይ። ማየት ፈልጌ ነው።»

የባቲ ልጅ እንደሆነች፣ ሎጊያ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ እንደምታነጥፍ ነገረችኝ። ሥራ ስላልነበረኝ ኮምፒውተሩን ከፈትኩላት። ለጥቂት ደቂቃ አይታ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ወንበር ስባ ቁጭ አለች፤ አንዱን ሰርግ ጨርሳ ሌላውን፣ ሌላውን ጨርሳ ሌላውን እያየች ከሰዓቱን ሙሉ ቆየች። ሙሽሮቹን አታያቸውም። ዓይኗ የፎቶውን ዳር ዳር ነው የሚዞረው። በመጨረሻ ደክሟት ወደኋላ ተደገፈችና «ከሙሽሮቹ ኋላ ማንም የለም» አለች።

«ሸራው አለ እኮ» አልኳት እየሳቅሁ።

«ሰው ነው የምልህ። ድንኳን የተከለው፣ ወጥ የሠራው፣ ውኃ የቀዳው፣ የጨፈረው ሰው ሁሉ የት ሄደ?»

ደፋር ናት አልኩ በልቤ። ግን ቀልቤ ወደዳት። በዚያን ጊዜ ደግሞ ሴት ረዳት እፈልግ ነበር፤ በሙስሊም ሰርግ ሴቶቹ ዘንድ ወንድ ካሜራ ይዞ ስለማይገባ ግማሹ ሥራ ያመልጠኝ ነበር። በሌላ ቀን ስትመጣ ካሜራ አስይዤ ሞከርኳት። ብርሃኑን፣ ርቀቱን አሳየኋት። ቶሎ ገባት። ብዙም ሳይቆይ የሆቴሉን ሥራ ትታ ከኔ ጋር ሆነች።

የመጀመሪያ ሰርጓ ዱብቲ ነበር። ሴቶቹ ፀጉራቸውን ገልጠው የሚነሱትን ፎቶ እሷ ብቻ እንድታየው ከደንበኞቹ ጋር ቃል ስለገባን፣ ለኔ የሚታየውን ለይታ አመጣችልኝ። ሳየው ራሴን ያዝኩ። ወጥ የምትቀምስ ሴት። ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀምጦ የሚያንቀላፋ ሽማግሌ ሹፌር። በር ስር የተዘበራረቀ ጫማ። ከሁሉ ተለይታ ጥግ ላይ የቆመች፣ ከንፈሯን የነከሰች የሙሽራዋ ታላቅ እህት።

«ሙሽራዋ የታለች?» አልኩ ተቆጥቼ።

«አለች እኮ። ይቻትና፣ ጫማው ጠቧት ስታወልቅ።»

«ዘሃራ፣ ሰው የሚጠራን ቆሞ እንድናነሳው ነው!»

«የቆመውንማ አንተ ታነሳለህ» አለችኝ፤ ከልቧ ነው እንጂ ልታበሽቀኝ ብላ አልነበረም። ሥራችንን የተከፋፈልነው በዚያች ቃል ነው።

ሰርግ ቤት ከሁሉ ቀድማ ትደርሳለች። ገብታ ካሜራዋን አታወጣም። ከሴቶቹ መሃል ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትልጣለች፣ የማን ልጅ ማን እንደሆነ ትጠይቃለች፣ ሕፃን ይዛ ታባብላለች። «እስኪረሱኝ ነው የምጠብቀው» ትለኝ ነበር። ሲረሷት ብድግ ትላለች። ከአባያዋ ስር ሁልጊዜ ሸራ ጫማ ነው የምታደርገው፤ ስትራመድ ኮቴዋ አይሰማም። ሰው አይቷት ሊስተካከል ሲል እጇን እያወዛወዘች «እኔ የለሁም፣ እኔ የለሁም» ትላለች። ይህችን ቃል የሰመራ ሴቶች ለምደዋት፣ ዘሃራ ገና በር ላይ ስትታይ «የለሁም መጣች» እያሉ ይስቁ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት የሙሽራ ጓደኛ ደግሞ ሥራዋን አይታ «ዶክመንተሪ ስታይል ነው የምትሠሪው» ብላታለች። ዘሃራ በደስታ እየበረረች መጥታ «ተሼ፣ ለካ ስም አለው!» አለችኝ። ወንበር አከራዮቹ ይህንን ሰምተው እሱንም ቅጽል ስም አደረጉላት።

ሁሉም ሰው ግን አልወደደላትም። ሐጂ ከማል የሚባሉ የሎጊያ ነጋዴ ልጃቸውን ድረው አልበሙን ሲቀበሉ ፊታቸው ጠቆረ። ዘሃራ እሳቸውን ያነሳቻቸው ከድንኳኑ ጀርባ ጫማቸውን አውልቀው፣ ከአሮጌ ጓደኛቸው ጋር ተቃቅፈው፣ ጥርሳቸው እስኪታይ ሲስቁ ነው።

«ይኼ ምንድን ነው? እኔ እንደዚህ ነኝ?» አሉ።

«ሐጂ፣ በጣም ደስ ብሎዎት ነበር እኮ» አለቻቸው ዘሃራ።

«ደስታዬን ማን ጠየቀሽ? እንግዶቼ የታሉ? የተቀመጥኩበት ወንበር የታለ?»

እኔ ያነሳኋቸውን ብቻ መርጠው፣ የሷን ጠረጴዛ ላይ ትተው ወጡ። ዘሃራ ፎቶዎቹን ሰብስባ ፖስታ ውስጥ አስገባቻቸው። በማግስቱ የሐጂ ባለቤት ፊታቸውን ሸፍነው መጥተው «ያንን ሲስቅ ያነሳሽውን ስጪኝ። ወጣት ሳለን ነው እንደዚያ ሲስቅ ያየሁት» አሏት። ሐጂ ራሳቸው ግን እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ሁሉን ታነሳ ነበር ማለት አይደለም። ሎጊያ ውስጥ አንዲት ሙሽራ ወደ ጅቡቲ ልትሄድ ስትሰናበት እናትየዋ ታመው አልጋ ላይ ነበሩ። ሙሽራዋ ቬሏን እንደለበሰች አልጋው ላይ ወጥታ እናቷ ደረት ስር ገባች። ይህንን የነገረችኝ ዘሃራ ናት፤ ፎቶው የለም። «ለምን አላነሳሽም? ከዚህ የበለጠ ምን አለ?» አልኳት። «ሁሉ አይነሳም ተሼ። እናትየዋ እያሸተቷት ነበር። እዚያ መሃል የኔ ዓይን ምን ይሠራል?» አለችኝ። በሩን ዘግታ፣ ሌላ ሰው እንዳይገባ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ ነበር።

መሬቱ መንቀጥቀጥ በጀመረ ሰሞን፣ ቤታቸውን ትተው አዋሽ አርባ ድንኳን ውስጥ ከሰፈሩ ቤተሰቦች አንዱ ሰርጋችንን አንሰርዝም አለ። ሁለታችንም ሄድን። ምሳ ቀርቦ ሙሽሮቹ ተቀምጠው ሳለ መሬቱ ከስር ጓ ብሎ ሳህኖቹ ተንጫጩ። ሰው ሁሉ ወደ ሜዳው ሮጠ፤ እኔም ሮጥኩ። ዘሃራ ብቻ ምሰሶ ተደግፋ ቀረች። በኋላ ስናየው ሙሽራው ሙሽራዋን ትቶ፣ የሱፉን ጫፍ በእጁ ሰብስቦ፣ ከሁሉ ፊት ሲሮጥ ይታያል። ሙሽራዋ ወንበሯ ላይ ሆና በግርምት ከኋላ ታየዋለች። ሙሽራው አይቶት አንገቱን ደፋ። ዘሃራ አዘነችለትና «ላጥፋው?» አለችው።

«እንዳታጠፊው!» አለች ሙሽራዋ፤ «ዕድሜ ልኬን የማሳየው እሱን ነው።»

ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች በዚያ ፎቶ ተሳሳቁ። ሰርጉም ቀጠለ። ዘሃራን ያን ቀን ያህል ደስ ብሏት አላየኋትም።

ይህን ሁሉ ዘመን አብሬያት ስሠራ ስለራሷ የነገረችኝ ጥቂት ነው። ለምን ባቲን ትታ እንደመጣች ስጠይቃት «ሥራ ፍለጋ» ትለኝና ወሬ ትቀይራለች። አላገባችም። ለጋብቻ የጠየቋት ሰዎች እንደነበሩ አውቃለሁ። እሁድ እሁድ ሎጊያ መናኸሪያ ሻይ ስትጠጣ ያዩዋት ሰዎች ነበሩ፤ ዘመድ የምትቀበል ይመስለኝ ነበር።

ያወቅሁት ሉባባ የመጣች ቀን ነው።

ሉባባ ከወረኢሉ ገጠር ሕፃን አዝላ የመጣች ወጣት ሴት ናት። እግሯ አቧራ ለብሷል፤ በሩ ላይ ቆማ «የሠራተኛ ፎቶ የምታነሳው ሴትዮ እዚህ ናት?» አለች። ዘሃራ ከውስጥ ወጣች።

«ምን ልታዘዝ እህቴ?»

«ባሌን ፈልጌ ነው።»

ባሏ ይመር ይባላል። ሸንኮራ ሊቆርጥ ወደ ዱብቲ መጣ፤ ሥራው ሲቀዘቅዝ በሰርግ ቤት ድንኳን ይተክል፣ ውኃ ያመላልስ ነበር። ከዚያ ባሕር ሊሻገር ነው ተባለ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ የለም። ሉባባ ፎቶ አልነበራትም፤ ሰርጋቸውን ማንም አላነሳውም። አብሮት የሠራ አንድ ሰው ነው «ሰመራ ውስጥ ድንኳን ተካዩን ሁሉ የምታነሳ ሴት አለች፤ እሷን ጠይቂ» ብሎ የላካት።

ዘሃራ የሕፃኑን ማዘያ ፈታችላት። ውኃ ሰጠቻት። ቤቷ ወስዳ አሳረፈቻት። በማግስቱ ሁለቱም ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ዘሃራ ሰርጎቹን አንድ በአንድ ትከፍታለች፤ ሉባባ ታያለች፤ ራሷን ትነቀንቃለች። በዚያ ቀን አላገኙትም። በማግስቱም እንዲሁ። ደንበኛ ሲመጣ እኔ አስተናግዳለሁ፤ እነሱ ቀና አይሉም።

በሦስተኛው ቀን ሉባባ ጮኸች።

ዱብቲ ውስጥ የነበረ ሰርግ ነው። ሙሽሮቹ በዚያ ፎቶ ውስጥ የሉም። ገና ያልተወጠረ ድንኳን መሬት ላይ ተነጥፎ፣ ሠራተኞቹ ትሪ ከበው ይበላሉ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ሰፊ ግንባር ያለው ሰው፣ ጉንጩ በጉርሻ ተወጥሮ፣ ወደ ጎን ዞሮ ለጓደኛው እየሳቀ ሌላ ጉርሻ ይዘረጋል።

ሉባባ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ቆየች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

«እየበላ ነው» አለች። «አያችሁ? ሥጋ ነው። በሰው አገር ተርቦብኛል ብዬ ነበር፤ ጠግቧል።» ከዚያ ሕፃኑን ከዘሃራ እቅፍ ተቀብላ ፊቱን ወደ ስክሪኑ አዞረችው። «አባትህ ነው። እየው፣ ሲያጎርስ።» ለቅሶው ከዚያ በኋላ መጣ።

ዘሃራ ብድግ ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። ብትቆይብኝ ተከትያት ሄድኩ። ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች።

«እንድሪስ የሚባል ታናሽ ወንድም አለኝ» አለችኝ፤ ወደኔ አላየችም። «በዚሁ መንገድ ነው የሄደው። ሎጊያ ድረስ ተከትዬው መጣሁ። ሳልደርስበት ቀረሁ። መናኸሪያ ላይ ሰው ስጠይቅ ፎቶ አሳዪን ይሉኛል። የለኝም። ቀጭን ነው፣ ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል፣ ሲስቅ ድዱ ይታያል እላለሁ። አንዱ ደላላ ምን አለኝ መሰለህ? ‹እህቴ፣ በዚህ የሚያልፈው ሁሉ ቀጭን ነው።›»

የመጀመሪያ ቀን ፎቶ ቤቴ መጥታ የፎቶዎቹን ዳር ዳር ስትቃኝ የነበረው ለዚህ ነው። ሎጊያ ውስጥ ሰርግ ቤት ሠርቶ፣ ከአንዱ ሙሽራ ኋላ ቆሞ ይሆናል ብላ ነው። እኔ ፏፏቴ ሰቅዬ ጋርጄበታለሁ ማለት ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም? አብሬሽ እፈልገው ነበር እኮ።»

«መጀመሪያ ላይ እኔም እሱን ብቻ ነበር የምፈልገው» አለችኝ። «ካሜራ ይዤ ሰው ሳይ፣ ሁሉም እንድሪስ ያልሆነ ሰው ነበር የሚሆንብኝ። አንድ ቀን ግን አንዱን ጀሪካን የተሸከመ ሰው አየሁና፣ ይኼንንም የምትፈልገው እህት ትኖራለች ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ወዲያ ማንንም አልፌ አልሄድኩም።»

የይመርን ፎቶ በብዛት አትማ ለሉባባ ሰጠቻት። ጀርባው ላይ የሷንና የፎቶ ቤቱን ስልክ ጻፈችበት። መናኸሪያ ወስዳ ከባሕር ማዶ ተመላሾች የሚወርዱበትን ቦታ አሳየቻት። ሉባባ አገሯ ስትመለስ ተቃቅፈው ተሰነባበቱ። «አንድ ነገር ከሰማሽ ከማንም በፊት ለኔ ደውይልኝ» አለቻት ዘሃራ። ሉባባም «ወላሂ፣ ካንቺ በፊት ለማንም አልናገርም» ብላ ማለች። ከዚያ በኋላ ሌሎች እናቶችና እህቶች ሰምተው ይመጡ ጀመር። ጥቂቶቹ አገኙ፤ ብዙዎቹ አላገኙም። ዘሃራ ካላገኙት ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ትቀመጥ ነበር።

ከአዋሹ ሰርግ በማግስቱ ሎጊያ ከድጃ ቤት ደረስኩ። መቃብሯ አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። ከባቲ እናቷ መጥተዋል፤ አጠር ያሉ፣ ዓይናቸው የደከመ ሴት ናቸው። ከወንዶቹ ድንኳን አስጠርተውኝ ሄድኩ። አብሬያት የሠራሁ እኔ መሆኔን ሲሰሙ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። ስለ አደጋው የሚጠይቁኝ መስሎኝ ልቤን አጠነከርኩ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ስለ ወንድሟስ? አንድ ነገር ሰምታ ነበር?»

«አልሰማችም እማማ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። እጄን ግን አልለቀቁኝም።

ፎቶ ቤቱን ወዲያው አልከፈትኩም። ስከፍትም ሥራ እንቢ አለኝ። ሴቶቹን የሚያነሳ ስለሌለ ብዙ ሰርግ መለስኩ። ሰው መጥቶ «ፎቶ የምታነሳው ሴት» ሲለኝ ከመናገሬ በፊት ውኃ መጠጣት ነበረብኝ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን ረፋድ ላይ የፎቶ ቤቱ ስልክ ጮኸ። የሴት ድምፅ ነው፤ ከደስታ ብዛት ቃላቱን ትውጣቸዋለች።

«ሉባባ ነኝ! የዘሃራ ስልክ አልሠራ ብሎኝ ነው በዚህ የደወልኩት። ተሾመ ነህ? ስጠኛ!»

«ሉባባ…»

«ተገኘ! ይመር ተገኘ! ፎቶውን ለአንድ ተመላሽ ባሳየው፣ ይኼን ሰውዬ አውቀዋለሁ፣ የመን አብረን ታስረን ነበር አለኝ። በሱ በኩል ስልክ አገኘሁ። ትናንት በድምፁ አናገረኝ! ልጄንም አናገረው! ለእናቱ እንኳ አልተናገርኩም፤ ለዘሃራ ምዬላት የለ? ስጠኝ በአላህ!»

ከኋላ ልጁ ሲንጫጫ ይሰማኛል። ሉባባ ትጠብቃለች። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ይዤ ነገርኳት። አደጋውን፣ አዳይቱን፣ ሎጊያ መቀበሯን ነገርኳት። እንዴት አድርጌ እንደተናገርኩት አላውቅም።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሉባባ» አልኩ።

«አለሁ» አለች። ድምጿ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኗል። «ታዲያ አሁን ለማን ነው የምነግረው?»

ደንበኛ ቆሞ ነበር፤ ይቅርታ ጠይቄ ሸኘሁትና በሩን ዘጋሁት። ወንበር ሳብኩና ቁጭ አልኩ።

«ለኔ ንገሪኝ» አልኳት።

እያለቀሰች፣ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችኝ።